የሙቀት አገር ሰላጣ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

የምጽፈው ድሬዳዋ ላይ ሆኜ ነው። ግንቦትና ሰኔ እዚህ ምድጃ ፊት መቆም ቅጣት ስለሚሆን ምሳው ወደ ሰላጣ ይዞራል፤ የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ለቢሮና ለድግስ ምግብ ስለማቀርብ የሰው ሰላጣ ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ነው። ቢላዋ ይሳል፣ እጅ ይታጠብ፣ ሎሚው ትኩስ ይሁን የሚለውን ታውቁታላችሁ ብዬ ዘልዬዋለሁ።

ሳህኑ ሥር ሮዝ ውሃ ተኝቷል

አብዛኛው ስልክ ይሄ ነው። ሰላጣው ሲቀላቀል ያምራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቅጠሉ ይተኛል፣ ቲማቲሙ ይልፈሰፈሳል፣ ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት ውሃው ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ጣዕሙም ይሞታል። ሰዉ «ጨው አንሶታል» ብሎ ይጨምርበታል፤ ውሃውም ይጨምራል።

ቲማቲም፣ ኪያርና የሰላጣ ቅጠል ከክብደታቸው ከመቶ 94 እስከ 96 የሚሆነው ውሃ ነው። ቅጠሉ ሲታኘክ «ቀጭ» የሚለው ያ ውሃ ውስጡ ታሽጎ እስካለ ድረስ ነው። የተከተፈ ነገር ላይ ጨው ሲያርፍ ውሃውን ከውስጥ ስቦ ያወጣዋል። ሙቀቱ ያፋጥነዋል እንጂ አይጀምረውም፤ ስለዚህ በፀሐይ አታሳቡ።

ውሃው ግን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከመደወላችሁ በፊት በማንኪያ ቅመሱት። ጨዋማና ሮዝ ከሆነ ጨው የሳበው የቲማቲም ውሃ ነው። ምንም ጣዕም ከሌለውና ከጠራ፣ ያጠባችሁበት ነው፤ አላንጠፈጠፋችሁትም ማለት ነው። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ደግሞ ሳይበርድ የገባ ድንች ወይም ምስር አለ፤ እንፋሎቱ ወጥቶ፣ ክዳኑን ነክቶ፣ ተመልሶ ዘንቦበታል።

አንድ ሰርግ ላይ ሦስቱንም በአንድ ገንዳ አይቻለሁ። የእኔ ድርሻ ወጡ ብቻ ነበር፤ ሰላጣውን የያዙት ሌሎች ናቸው። ልጆቹ ማለዳ ቅጠሉን አጥበው፣ ሳያንጠፈጥፉ የፕላስቲክ ገንዳ ሞልተው፣ ከእሳት የወረደ ድንች ጨምረው፣ ጨውና ሎሚውን ደፍተው፣ በላስቲክ ሸፍነው ተቀመጡ። ሙሽሮቹ የደረሱት ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። ላስቲኩ ሲገለጥ ሞልቶ የነበረው ቅጠል ገንዳው ወለል ላይ ተለጥፏል። አስተናጋጁ በጭልፋ ሲያወጣ የአንዲት እናት ነጭ ቀሚስ ላይ አንጠባጠበው። «ይቅርታ እማማ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ለሾርባማ ጎድጓዳ ሳህን ይሰጠን ነበር» አሉት።

ሌላው የምሳ ቤት ባለቤት ነው። «አቦ፣ ቲማቲሙ ዘንድሮ ውሃ ሆኗል!» እያለ ቀፊራ ገበያ ላይ ነጋዴ ሲቀያይር ከረመ። ኩሽናው ገብቼ አየሁ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቲማቲሙን ከትፈው፣ ጨው ነስንሰው፣ «እንዲገባበት» ብለው እስከ ምሳ ያስቀምጡታል። ለጥብስ ሥጋ ይሁን። ቲማቲም ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፤ የሚወጣ ነው ያለው። ነጋዴዎቹ ምን በደሉ!

መፍትሄው በቅደም ተከተሉ ነው። ሞላላውንና ሥጋው ወፍራም የሆነውን ቲማቲም ግዙ፤ ክቡና ስስ ልጣጩ ለሱጎ ይሁን። ለሁለት ሰንጥቁትና ፍሬውን ከነፈሳሹ በአውራ ጣት ጥረጉት። አትድፉት! ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው፤ በማጥለያ አጥልላችሁ ለሎሚና ዘይቱ አስቀምጡት። ሥጋውን ከትፋችሁ ትንሽ ጨው ነስንሱና ማጥለያ ላይ ሩብ ሰዓት ተዉት። መውጣት ያለበት እዚያ ይውጣ። የወጣውንም ካስቀመጣችሁት ጋር ቀላቅሉት።

ኪያርን ለሁለት ከፍላችሁ የፍሬውን ቦይ በሻይ ማንኪያ ፋቁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ሃያ ደቂቃ አቆዩና በእጃችሁ ጨምቁት። ጥቅል ጎመንም ጨው ቀድሞ ይግባለት፤ ታሽቶ ሲጨመቅ ነው የሚለሰልሰው። የሰላጣ ቅጠል ብቻ ነው ጨውን በጭራሽ ቀድሞ ማየት የሌለበት።

ቅጠሉን አንጠፍጥፉ ስል አንዴ አራግፋችሁ ማለቴ አይደለም። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ አራቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ደጅ ወጥታችሁ አሽከርክሩት። ጨርቁ ይረጥባል፤ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ድገሙት። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይዝም፤ ተንሸራቶ ሥሩ ይተኛል። ዘይትና ሎሚው ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ዘይቱም ቢሆን ጨው ባይኖርበት እንኳ የቆየበትን ቅጠል ያጠወልገዋል። ለድግስ ከሆነ ቅጠሉ፣ ቲማቲሙና ማባያው በየዕቃቸው ይሂዱ፤ ቀላቃዩ እዚያው ይቁም።

ቀድሞ ውሃ የሆነውን ማዳንም ይቻላል፤ የሚጠጣው ነገር ስጡት። ቲማቲም ፍትፍት እኮ ይኸው ነው። ፈሳሹን ከቲማቲሙ ጋር ለዩት፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ጨምሩ፣ እንጀራውን ቀዳዱበት፣ ሎሚ አንጠብጥቡ። እንጀራው ያደረ ይሁን፤ የዕለቱ ይላቆጣል።

እኔ ከፍትፍት ይልቅ የምወደው ቂንጬ ነው። ፈርፈር ብሎ የተቀቀለ፣ ፈጽሞ የበረደ ቂንጬ ላይ ያንን የቲማቲም ውሃ አፍሱበትና ሃያ ደቂቃ ተዉት፤ ይጠጣዋል። የተጨመቀ ኪያር፣ የተከተፈ ናና፣ ቃሪያና ሎሚ ይግቡበት። ከሰዓት እንቅልፍ አያመጣም፣ ሆድም ይይዛል። ትኩስ ቂንጬ የሚጨምር ሰው ግን ወደ ላይኛው የጤዛ ታሪክ ይመለስ።

ቅጠሉ ገና ሳይከተፍ ጠውልጓል

የሐረማያው ቅጠል እዚህ ሲደርስ ደህና ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የገበያ ፀሐይ ላይ የዋለውን ምን ያደርጉታል? ለስለስ ብሎ ከሆነ ሥሩን ቆርጣችሁ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፣ ይነሳል። ጫፉ ጠቁሮ ከሙለጨለጨ አይነሳም፤ ጣሉት። «ለበግ እንኳ ይሆናል» እያሉ በርካሽ የሚሸጡላችሁን ለበግ ስጡት።

ይመርራል

ቅጠሉ ከሆነ፣ በሙቀት ግንድ አውጥቶ ሊያብብ ሲል የተቆረጠ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ኪያር ከሆነ ምሬቱ የሚበዛው በግንዱ በኩል ነው፤ ሁለት ጣት ቆርጣችሁ ቅመሱ። አሁንም መራራ ከሆነ ሙሉውን ጣሉት። ቀይ ሽንኩርት ካቃጠለ ከትፋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ጨመቅ።

አቮካዶው ጠቆረ

አየር ነው። ሎሚ ቀቡት፣ ላስቲኩን ላዩ ላይ አስጠግታችሁ ለጥፉ። ፍሬውን መሃሉ ላይ መትከል የሚያድነው ፍሬው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው።

ቀይ ስሩ ሁሉንም አቀላው

ልጣችሁ ቀቅላችሁታል። ከነልጣጩ፣ ጭራው ሳይቆረጥ፣ ከግንዱም ሦስት ጣት ተርፎለት ይቀቀል፤ ሲበርድ ልጣጩ በጣት ይወጣል። ከድንች ጋር የሚሆን ከሆነ ብቻውን በዘይት እሹትና ገበታ ላይ ቀላቅሉት።

ዘይቱና ሎሚው አልተዋሃደም

ሰናፍጭ ጨምሩበት። አዚፋችን ሲያውቅበት ኖሯል። አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ ከሎሚው ጋር ምቱ፣ ከዚያ ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ። የፈረንጁ ልክ አንድ እጅ ሎሚ ለሦስት እጅ ዘይት ነው፤ ለሙቀት ይከብዳል፣ እኔ አንድ ለሁለት ነው የማደርገው። ቲማቲሙ ያወጣው ፈሳሽ የሚገባውም እዚህ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ይርበኛል

ቅጠል ብቻ በልታችሁ ምን ጠበቃችሁ? የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር ጨምሩ። ምስሩ ቅርጹን ሳይለቅ ይውረድ፤ የፈረሰ ምስር ወጥ ነው። ጠንከር ያለ ማንጎ፣ የተጨመቀ ኪያር፣ ሽምብራ፣ ቃሪያና ሎሚ አንድ ላይ ሞክሩ። የበሰለ ማንጎ አታስገቡ፤ ይላቆጣል።

ሆድ ቆረጠ

እዚህ ላይ አልቀልድም። ጥሬ ቅጠል አሜባና ታይፎይድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በቆሻሻ ወንዝ የለማ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። አንድ በአንድ፣ ግንድና ጀርባውን እያሻሻችሁ፣ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እጠቡ። አቼቶ ውስጥ መንከር ይቀንሳል እንጂ አያጸዳም። በረኪና በግምት አትጨምሩ! የአሜባው እንቁላል መሳይ ቅርፊት ውሃ ለማከም የሚጨመረውን ክሎሪን እንኳ ይቋቋማል፤ የሚገድለው መፍላት ነው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው ጥሬ ቅጠል ትታችሁ ቀይ ስር፣ ካሮት፣ ድንችና ፎሶልያ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ፤ ያም ሰላጣ ነው። ሥጋ የተቆረጠበትን መክተፊያ ሳያጥብ ቲማቲም የሚከትፍበትን ሰው ከኩሽና አስወጡት።

የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ፣ ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል፣ ቱና፣ ማዮኔዝ ወይም የተቀቀለ ድንች ያለበት ሰላጣ ገበታ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ትልቁን ሳህን በረዶ በሞላ ሰፊ ዕቃ ላይ አስቀምጡት፣ ወይም ትንሽ ትንሽ አውጡ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ማዮኔዝ የገባበትን አሽትታችሁ አትፈትኑት፤ የሚያሳምመው ሁሉ አይሸትም።

የተረፈውስ?

ዘይትና ሎሚ የነካው ቅጠል ለነገ አይሆንም። አዚፋና የሽምብራ ሰላጣ ግን ገበታ ላይ ካልዋሉ ፍሪጅ ገብተው ሲያድሩ ይጣፍጣሉ፤ ጠዋት ሎሚ ጨምሩ፣ ጨው ቅመሱና ከዚያ ወስኑ።