«ይህ ንግግር የሚያስጨንቅ ነው»፦ ከባዱን ቃል ስንቀበል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጌታ በቅፍርናሆም ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ ሲያስተምር፣ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ «ይህ ንግግር የሚያስጨንቅ ነው» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ (ዮሐ. 6፥60-66)። ዛሬ እንዲህ በግልጽ የሚመለስ ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን «አሜን» ብለን፣ ነጠላችንን አስተካክለን፣ ቃሉን እዚያው ደጀ ሰላም ጥለነው እንወጣለን። በየካ አባዶም ይሁን በኮየ ፈጬ፣ በጽዋ ማኅበርም ይሁን በቤት ለቤት ጥናት፣ ስህተቶቹ ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው ለጎረቤት መስማት ነው። ስብከቱ ስለ ሐሜት ከሆነ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ ወዲያው ትዝ ትለናለች፤ ቪዲዮውንም በቴሌግራም ለእሷ እንልካለን። ከባድ ቃል ሲሰሙ ለማንም ከማስተላለፍዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት እርስዎው ጋ ያቆዩት።

ሁለተኛው ግመሉን ማሳነስ ነው። ባለጠጋ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል የሚለው ቃል ሲነበብ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «የመርፌ ቀዳዳ በኢየሩሳሌም የነበረ ጠባብ በር ነው፤ ግመሉ ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ይገባ ነበር» ይላል። እንዲህ ተብሎ የሚጠራ በር በዚያ ዘመን እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ደግሞስ ተንበርክኮ የሚታለፍ ከሆነ ደቀ መዛሙርቱ «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው ለምን ተገረሙ? መልሱም በሰው ዘንድ አይቻልም የሚል ነበር (ማቴ. 19፥24-26)። ቃሉን ካለሰለስነው ቀጥሎ ያለው ተስፋ፣ «በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል» የሚለው፣ ሥራ ያጣል።

የዚህ ተቃራኒም አለ፦ ቁራጭ ጥቅስ ይዞ መሮጥ። ሉቃስ 14፥26 አባትና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቱሉ ዲምቱ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ይህን ይዞ ለእናቱ መደወልና ብር መላክ ቢያቆም፣ የታዘዘ ይመስለዋል። ነገር ግን ማቴዎስ 10፥37 ያንኑ ትምህርት «ከእኔ ይልቅ» በሚል ያስቀምጠዋል። ዘፍጥረት 29ም ያዕቆብ ራሔልን ከልያ አብልጦ እንደወደደ ይናገርና፣ በሚቀጥለው ቁጥር ልያን «የተጠላች» ይላታል፤ በዕብራውያን አነጋገር መጥላት አሳንሶ መውደድንም ይገልጻል። ማርቆስ 7፥9-13 ደግሞ «ቁርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው) እያሉ ወላጆቻቸውን የሚነፍጉትን አጥብቆ ይገሥጻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ፣ በሌላው ወንጌል ያለውን አቻውን ማየት፣ ከዚያ ስለዚያው ጉዳይ ሌላ ቦታ የተባለውን መፈለግ። የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ የኅዳግ ማጣቀሻው ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ይቅርታ ላይ ነው። ማቴዎስ 18 ላይ 10,000 መክሊት ዕዳ የተማረለት ባሪያ 100 ዲናር ያለበትን ጓደኛውን አነቀው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)፤ አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይጠጋል። ዕዳው እንግዲህ የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። ልብ ይበሉ፣ 100 ዲናሩም ቀላል አልነበረም፤ ገላን ላይ ድንጋይ ለሚሸከም ሰው የ100 ቀን ደመወዝ ብዙ ነው። ወንጌል የተበደሉትን «ምንም አልሆንክም» አይልም።

የተለመደውን ጠብ እንውሰድ። ጎረቤትዎ ግቢውን ከፍ አድርጎ ኮብልስቶን አነጠፈ፤ ሐምሌ ሲገባ ውሃው በሙሉ በእርስዎ በር ሥር ይገባል። ዝም ብለው «ይቅር ብያለሁ» እያሉ ሰላምታ መንሳት ስህተት ነው፤ በሰፈሩ ግሩፕ ላይ ፎቶ መለጠፍም ስህተት ነው። ያው ማቴዎስ 18፣ ቁጥር 15 ላይ፣ የበደለህን ወንድምህን «ብቻችሁን» ሆናችሁ ውቀሰው ይላል። ውሃው እየገባ ሳለ አይሂዱ፤ ዝናቡ አባርቶ ንዴትዎም ሲበርድ በራቸውን ያንኳኩ። «ጋሼ፣ ውሃው በእኛ በር ይገባል፤ ቱቦውን ወደ ቦዩ ብናዞረው ምን ይመስልዎታል?» ይበቃል፤ ያለፈውን ዓመት አጥር አያንሡ። ካልሰሙ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ። ቤተ ክርስቲያን የምትሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌ ተሰብስቦ «ሰባ ጊዜ ሰባት» እያለ የተደበደበችን ሴት ወደ ደብዳቢዋ የሚመልስበት ጊዜም አለ። ያው ምዕራፍ፣ ቁጥር 6 ላይ፣ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም ይሻለዋል ይላል። መጀመሪያ ደኅና ቦታ ትረፍ፣ ሐኪም ይያት፣ ፖሊስ ይወቅ። «ብቻችሁን» የሚለው እዚህ አይሠራም።

የመጨረሻው «አልገባኝም» ማለትን እንደ ክህደት መቁጠር ነው። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ግምጃ ቤቷን በሙሉ የሚያዝዝ ሹም ሳለ፣ ኢሳይያስ 53ን እያነበበ ፊልጶስ ሲጠይቀው «የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል?» አለ (ሐዋ. 8፥26-40)። ጴጥሮስም በጳውሎስ መልእክቶች ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለ ጽፏል (2ኛ ጴጥ. 3፥16)። የእኛም የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ካስቀመጡ በኋላ «አንድም» እያሉ ደራርበው የሚፈቱት አንዱ ፍቺ ብቻ እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ነው።

ሲጠይቁ ግን ከቅዳሴ በኋላ መምህሩ በሰው ተከበው ሳለ አይሁን፤ የሚመቻቸውን ቀን ያስይዙ። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ አንደኛው ምዕራፉ፣ ቁጥሩና የከበደዎት ቃል፤ ሁለተኛው ከዚያው ክፍል ውስጥ ግልጽ ሆኖልዎት ሳለ እስካሁን ያላደረጉት። ሁለተኛውን መስመር ሳይሞሉ አይሂዱ።