ዲመር ባለበት ክፍል ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሲገጠም

ሳሎን ውስጥ የነበሩትን አራት ባለ 60 ሻማ አምፖሎች አውርዶ በአራት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የተካ ሰው፣ ዲመሩን፣ ማለትም የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ማዞሪያውን፣ ወደ ታች ሲያዞረው መብራቱ ደብዘዝ በማለት ፈንታ ሲርገበገብ፣ ከግድግዳውም የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ሲሰማ አምፖሉን ይረግማል። አምፖሉ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሁለቱ አለመጣጣም ነው።

ነባሩ ዲመር የተሠራው ክሩ ግሎ ለሚያበራው አምፖል ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ ኤሌክትሪኩን ለአፍታ እየቆረጠ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የጋለ ክር በዚያች ቅጽበት ስለማይቀዘቅዝ መቆራረጡ ለዓይን አይታወቅም። ኤልኢዲ ላይ ግን መቆራረጡ ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ላይ ብዙ ነባር ዲመሮች በወጉ ለመሥራት ቢያንስ 40 ወይም 60 ዋት ጭነት ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ 240 ዋት የነበረው የሳሎኑ ጭነት አሁን 36 ብቻ ነው።

ስለዚህ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ሳልቫቪታውን ያውርዱ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ፣ ከዚያም ክዳኑን ፈትተው በዲመሩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋት ያንብቡ። 400 ዋት የሚል ጽሑፍ እንዳያታልልዎ፤ ቁጥሩ ለባለ ክሩ አምፖል የተሰጠ ሲሆን፣ ለኤልኢዲ ከአንድ አሥረኛው አለማለፍ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ዝቅተኛውም 40፣ ከፍተኛውም 40 ሆነ ማለት ነው! በእኔ እምነት እንዲህ ያለውን ዲመር ከማባበል ለኤልኢዲ በተሠራ መለወጥ ይሻላል።

አምፖሉን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ ከዲመር ጋር እንደሚሠራ ካልተጻፈ አይግዙት። ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በአብዛኛው ለዲመር አልተሠራም፤ ዲመሩ እስከ መጨረሻው ቢከፈት እንኳ ሊግልና ሊበላሽ ስለሚችል ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ክፍል ይዋል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነም ቮልቱን ይመልከቱ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አምፖል የእኛን 220 አይችልም።

አዲሱ ዲመር ከተገጠመ በኋላ ማዞሪያውን ወደ ዝቅተኛው ያውርዱት። አሁንም የሚርገበገብ ከሆነ፣ በብዙዎቹ ላይ ያለችው የማስተካከያ ብሎን ብርሃኑ እስኪረጋ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ትዞራለች፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍተው መልሰው ሲያበሩት ከዝቅተኛው ላይ ያለ ማቅማማት መነሳት አለበት። ብሎኗ ከክዳኑ ሥር ከሆነች ሥራው የኤሌክትሪሻን ነው። የጓዳውም የመኝታ ቤቱም መብራት አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ዲመሩን አይንኩት፤ የሚዋዥቀው ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል።

ዲመሩን እስኪለውጡ ድረስ ከአራቱ አንዱን ባለ 60 ሻማ መተው ጭነቱን 87 ዋት ስለሚያደርሰው መርገብገቡን ሊያስታግስ ይችላል፤ ነገር ግን ያ አንድ አምፖል ብቻውን ሦስቱ ኤልኢዲዎች በአንድነት ከሚፈጁት ከእጥፍ በላይ ይፈጃል።