ራዳር የሚውጥ የሴራሚክ አረፋ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራዳር የሚውጥ የሴራሚክ አረፋ ማለት በቀዳዳ የተሞላ፣ የራዳር ሞገድ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ የሚያዳክም ሴራሚክ ነው። ጀማሪዎች ከሚያመጡልኝ ውጤቶች ውስጥ ደጋግሜ የማየውና ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ አረፋውን ፈጭቶ መለካት ነው። ተማሪው ሳምንታት ደክሞ ከሲሊከን ካርባይድ (የሲሊከንና የካርቦን ውህድ ከሆነ ሴራሚክ) ግድግዳው የሳሳ አረፋ ይሠራል። ከዚያ በሙቀጫ ወቅጦ ከፓራፊን ሰም ጋር ይለውሰዋል፤ ለውሱን ለክቶም «አረፋዬ ራዳር ይውጣል» ይላል። የተለካው ግን የዱቄትና የሰም ድብልቅ ነው! ሞገዱ በቀዳዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ የሚዳከምበት፣ ግድግዳዎቹም ተያይዘው የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያስተላልፉበት መረብ ሙቀጫው ውስጥ ቀርቷል። እባካችሁ፣ አረፋውን እንዳለ ለኩት። ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ ለሚለካው የሞገድ ቱቦ (ሞገዱን ወደ ናሙናው ለሚመራው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ናሙናው 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር ሆኖ ይቆረጣል። ጠርዙ ስለሚፈረካከስ አትቸኩሉ፤ በናሙናውና በቱቦው ሰፊ ግድግዳ መካከል ክፍተት ከቀረ የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው (ከፍ ባለ ቁጥር ሞገዱ በቁሱ ውስጥ የሚያጥርበት የቁሱ መለኪያ) ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ቀዳዳዎቹ ትልልቅ ከሆኑ ደግሞ ይህን በሚያህል ቁራጭ ውስጥ የሚገቡት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ሰፊ ሰሌዳ ሠርታችሁ ብረት ላይ ለጥፋችሁ በክፍት አየር ለኩ።

በጥግግት ማነስ ብቻ መኩራራትም ያሳስታል። አውሮፕላን የሚሠራ መሐንዲስ የሚጠይቀው አንድ ካሬ ሜትር ሽፋን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 3 ሴንቲሜትር ነው፤ የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 4 የሆነ ንብርብር ለሩብ ሞገድ (ከፊቱና ከጀርባው የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ለሚጣፉበት ውፍረት) 3.75 ሚሊሜትር ሲበቃው፣ ቀዳዳው በዝቶ ቋሚው 1.5 የሆነው ግን ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይፈልጋል። ጥንካሬውም አብሮ ይወርዳል፤ የተሰባሪ አረፋ ጥግግት በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወድቃል።

ሞገድ እንዲውጥ የሚጨመርበትን ካርቦን ማብዛት የአረፋውን ፊት እንደ ብረት ራዳር አንጸባራቂ ያደርገዋል።

በአንድ ድግግሞሽ ላይ የተመላሹን ሞገድ 60 ዴሲቤል (የኃይል ለውጥ መለኪያ) ቅነሳ ማሳየትም ብዙ አይጠቅምም። 20 ዴሲቤል ከተመላሹ ሞገድ 99 ከመቶውን ያጠፋል፤ ድካማችሁ ይህንን በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ለማግኘት ይሁን።

ውሃን የሚረሱ ብዙ ናቸው። በ1982 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ለአራተኛ በረራዋ ማስወንጨፊያው ላይ ሳለች ዝናብና በረዶ ወርዶባት ከሙቀት የሚከላከሏት የሲሊካ ሰቆቿ ውሃ መጠጡ፤ ለማድረቅ ሕዋ ላይ ሆዷን ወደ ፀሐይ ማዞር አስፈልጓል። ቀዳዳው ክፍት የሆነ አረፋም እንዲሁ ይጠጣል። ውሃ ራሱ ማይክሮዌቭ ስለሚውጥ እርጥብ ናሙና ያልሠራችሁትን ችሎታ ያሳያችኋል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ በረዶ ሆኖ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። ከመለካታችሁ በፊት በምድጃ አድርቁት፤ ለበረራ የታሰበውንም ፊቱን ድፈኑት።

ለሞተር ጭስ ማውጫ አካባቢ የታሰበውን በክፍል ሙቀት ብቻ ለክታችሁ አታምጡልኝ። ሲሊከን ካርባይድ ሲግል ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ልክ የነበረው ውፍረት በዚያ ሙቀት ልክ አይሆንም።