ቤታችሁ አዲስ አበባ ሲያፈስ፣ እናንተ ባሕር ማዶ ስትሆኑ

ስልኩ የሚመጣው ሐምሌ ላይ ነው፦ «ጣሪያው አልቋል፣ ሙሉው ካልተቀየረ ቤቱ መበስበሱ ነው።» ደዋዩ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው ባለሙያ ቆሟል። በዚያ ሳምንት ገንዘብ አትላኩ። ክረምት ላይ ጣሪያ አይከፈትም፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይም ማሸጊያ አይዝም። ለጊዜው ባልዲ፣ ላስቲክና መረጃ ይበቃል።

መረጃ ስንል ፎቶ ብቻ አይደለም። ውሃው መንጠባጠብ የጀመረው ዝናቡ ከጀመረ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ወዲያው ከሆነ ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ አለ። ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን ብቻ ከሆነ አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ዝናቡ ካባራም በኋላ ለሰዓታት ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ሶሌታው (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ የተኛ ውሃ አለ። ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ ግን ያሳስታል። ውሃው ከላይ ገብቶ ሞራሌውን (ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት) ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ከተጓዘ በኋላ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቀዳዳው የሚፈለገው ከክቡ ወደ ላይ፣ ወደ ኮልሞው (ወደ ጣሪያው አናት) አቅጣጫ ነው።

አሁን ወደ ዘዴው። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፣ በሌሊት ብርድ ይኮማተራል፤ ምስማሩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚገፋው ይህ ነው። የላላውን ምስማር መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። መፍትሔው ነቅሎ በወፈር ያለ ባለ ጎማ ብሎን መተካት ነው፤ ብሎኑ የሚገባውም በሽንሽኑ አናት እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይደለም። ጎማው እስኪጨፈለቅ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። ሉሆቹ በተደራረቡበት መካከል ለሚገባ ውሃ ሲሊኮን ይሠራል፤ ከላይ ወደ ታች ያለው መደራረብ ግን ከ15 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ሲሊኮን አያድነውም፣ ሉሁ ይነሳል። ሲሊኮኑ ሲከፈት አቸቶ አቸቶ የሚሸት ከሆነ መልሱት፤ አሲዱ የቆርቆሮውን ዚንክ ይበላዋል። ቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚል ጽሑፍ መኖሩን በፎቶ አስልኩ። ካትራሜ (ጥቁር ሬንጅ) ቀብቶ መሄድ በጣም የተለመደ ነው። በጣም መጥፎም ነው፦ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ከሥሩ ያለውን ዝገት ይደብቃል፣ የሚቀጥለው ሠራተኛም ቀዳዳውን ማየት አይችልም። ካቻቢቴ ሲጫን የሚበሳ ቆርቆሮ ማሸጊያ አይሸከምም፤ እሱን ብቻ መቀየር ነው፣ ሙሉ ጣሪያውን አይደለም።

ፓራፔት (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ የሚወጣ አጭር ግንብ) ባለው ጂ ፕላስ ዋን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፓራፔቱ ጀርባ የተደበቀው አሸንዳ ነው። ቅጠልና ፌስታል ይደፍነዋል። በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ካላዘቀዘቀ ደግሞ ቢጠረግም ውሃው ይተኛል። ግንቦት ላይ ማስጠረግ ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል። ሶሌታ ከሆነ በእሳት የሚለጠፈውን ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ጥቅል ሽፋን) ምረጡ፤ በጎን 10 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ንጣፍ ከመመለሱ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ውሃ ይተኛበት፣ አንድ ሙሉ ቀን።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሰው ነው። ገንዘባችሁን ከሌብነት ይልቅ ይሉኝታ ይበላዋል። ወንድማችሁ ቆርቆሮ ሠሪውን ያመጣው ከእድሩ ነው፤ ነገ ለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። ሥራው ሲበላሽ «ፍታውና እንደገና ሥራው» ሊለው አይችልም፣ ስለዚህ ለእናንተ «አሪፍ ሆኗል» ይላችኋል። እናት ደግሞ ባልዲው እግሯ ሥር ተቀምጦ «ደህና ነው ልጄ፣ አታስብ» ትላለች። ማንም አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ ቤቱ ግን ያፈሳል። ስለዚህ ሠራተኛ የሚያመጣው፣ ዕቃ የሚገዛውና ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያረጋግጠው አንድ ሰው አይሁን። ሦስተኛው በቀን አበል የሚከፈለው፣ ከቤተሰቡም ከሠራተኛውም ጋር የማይዛመድ ፎርማን ይሁን። ዘመድ ይቀየማል፤ «ሥራ እንዳይበዛብህ ብዬ ነው» በሉት። ተከራይ ካለ ከሁሉም በላይ እሱን ጠይቁ፤ የሚረጥበው ፍራሽ የእሱ ነው።

ዕቃ ሲገዛ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሂሳብ ይግባ። ቆርቆሮ በጌጅ ነው የሚሸጠው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሉሁ ይሳሳል፤ የ28 ተከፍሎ 32 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ላይ አይለይም፣ ፎርማኑ በካሊፐር ይለካው። ሲሊኮንም ይቆጠራል፦ የ300 ሚሊ ሊትር ቱቦ 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከፍታ ላለው መስመር 12 ሜትር ይሄዳል። 40 ቱቦ የሚል ደረሰኝ ከመጣ «480 ሜትር የታሸገው የት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቪዲዮ ተቀርጾ ሲላክላችሁ አትርኩ፤ በቀጥታ ጥሪ፣ ሦስት ጊዜ፦ ዝገቱ ሲፋቅ፣ ከመታሸጉ በፊት፣ ከታሸገ በኋላ። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ዝናብ ስለሌለ በጎማ ውሃ ይፈተናል፤ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ቦታ 10 ደቂቃ፣ አንድ ሰው ከኮርኒሱ ሥር ቆሞ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ከዋዜማው ይሞላ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ፈተና በኋላ ነው።

ለጥገና ብሎ ውክልና የሚጠይቅ ካለ ወረቀቱን ቃል በቃል አንብቡ። ተዘጋጅቶ የሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ» ይገኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ያንን ሥልጣን የሚሰጡት እነዚያ ሦስት ቃላት ናቸው፣ ለጣሪያ አያስፈልጉም። አስወጧቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የሚነሳው አሮጌ ቆርቆሮ ይሸጣል። ማን እንደሚወስደው ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ለሠራተኛው ከተተወ፣ ደህናውም ሉህ «አርጅቷል» ተብሎ ይወርዳል።