በሦስት የባትሪ ድንጋይ ክረምቱን የሚዘልቅ የጎተራ ሙቀት መመዝገቢያ

ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ነቀዝ ሲገባበት ወይም እርጥበት ሲይዘው ከመሀል ይሞቃል። ሙቀቱን ቀድሞ ያየ ሰው አውጥቶ ለማስጣት ጊዜ ያገኛል። እዚህ የምንሠራው መሣሪያ በየ4 ሰዓቱ ነቅቶ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ተመልሶ ይተኛል። ነቅቶ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፤ ስለዚህ የድንጋዩን ዕድሜ የሚወስነው ተኝቶ የሚስበው ኤሌክትሪክ ነው። ድካማችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

የሚያስፈልገው፦ ባለ 3.3 ቮልት፣ 8 ሜጋኸርዝ አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፤ ውሃ የማያስገባ ዲኤስ18ቢ20 (DS18B20) የሙቀት መለኪያ ሴንሰር፤ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር፤ 3 የኤኤ አልካላይን ድንጋይ ከነማቀፊያው፤ ፕሮግራም ለመጫን ባለ 3.3 ቮልት የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያ። አርዱዊኖ ኡኖ ለዚህ አይሆንም፤ ቺፑ ቢተኛም የዩኤስቢ ክፍሉና ሪጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ክፍል) አይተኙም።

መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ሁልጊዜ የሚበራውን ትንሽ መብራት በመበየጃ አሙቃችሁ አንሱት። 1 ሚሊ አምፒየር ገደማ ብቻ ይወስዳል፣ ግን 2000 ሚሊ አምፒየር ሰዓት ያለውን ድንጋይ በ83 ቀን ይጨርሳል። ሪጉሌተሩንም አውጡት። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ቪሲሲ (VCC) በተባለው ፒን ላይ እንጂ በሪጉሌተሩ በኩል በሚያልፈው ሮው (RAW) ላይ አታገናኙ። ሦስት አዲስ ድንጋዮች 4.8 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ቺፑም ሴንሰሩም እስከ 5.5 ይችላሉ። ሴንሰሩ ግን ከ3 ቮልት በታች አይታመንም።

የሴንሰሩን ፖዘቲቭ ፒን 4 ላይ፣ የዳታ ሽቦውን ፒን 3 ላይ፣ ኔጌቲቩን ግራውንድ ላይ አገናኙ፤ ሬዚስተሩ በፒን 3 እና 4 መካከል ይግባ። ሴንሰሩ ኃይል የሚያገኘው ፒን 4 ሲበራ ብቻ ነው። ከመተኛቱ በፊት ሁለቱንም ፒኖች ዜሮ አድርጉ፤ ዳታው ከፍ ብሎ ከቀረ ኤሌክትሪክ በሬዚስተሩ በኩል ሾልኮ ሴንሰሩን ይመግበዋል። ጥራቱን 9 ቢት አድርጉና ለመለካት 100 ሚሊ ሰከንድ ጠብቁ። ንባቡ ሁልጊዜ 85 ዲግሪ ከሆነ ሴንሰሩ ለክቶ ሳይጨርስ አንብባችሁታል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ኤዲሲውን (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን የቺፑን ክፍል) ይዝጋ፣ የቮልቴጅ ጠባቂውን (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመውን ክፍል) በእንቅልፍ ሰዓት ያጥፋ፣ ከዚያ ወደ ፓወር ዳውን (በጣም ጥልቅ ወደሆነው እንቅልፍ) ይግባ። ዋችዶጉ (ቺፑን የሚቀሰቅሰው የውስጥ ሰዓት ቆጣሪ) ቢበዛ በ8 ሰከንድ ስለሚቀሰቅስ 1800 ጊዜ ቆጥሮ አንዴ ይለካ። ዋችዶግ ትክክለኛ ሰዓት አይደለም፤ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል፣ ለእህል ሙቀት ግን ይበቃል።

አሁን ቴስተሩን በድንጋዩና በቦርዱ መካከል አስገብታችሁ ተኝቶ የሚስበውን ኤሌክትሪክ ለኩ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ርካሹ ቴስተር በ200 ማይክሮ አምፒየር ላይ ሲሆን ውስጡ 1 ኪሎኦም ገደማ ሬዚስተር አለው። ቦርዱ ሲነሳ ጥቂት ሚሊ አምፒየር ስለሚፈልግ ቮልቴጁን ሬዚስተሩ ይበላዋል፤ ቦርዱ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ቦርዱ እስኪተኛ ጠብቁ፣ ከዚያ ሽቦውን አንሱና አንብቡ። ከ10 ማይክሮ አምፒየር በታች ካሳየ ደህና ነው። 20 ገደማ ከጨመረ የቮልቴጅ ጠባቂው አልጠፋም፤ ከ100 ካለፈ ኤዲሲው ክፍት ነው።

ንባቡ ኢኢፕሮም (ኃይል ሲቋረጥም የማይጠፋ የቺፑ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ይቀመጣል፤ 1024 ባይት አለው። ሙቀቱን በ2 አባዝታችሁ በአንድ ባይት ብትጽፉ፣ በቀን 6 ንባብ 170 ቀን ይይዛል። ባዶ ቦታ 255 ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲነሳ የመጀመሪያውን 255 ፈልጎ ከዚያ ይቀጥል። ይህን ከዘለላችሁ፣ ንባቡን ለማውጣት ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ቦርዱ ሪሴት ያደርግና (እንደ አዲስ ይነሳና) የሰበሰበውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጽፍበታል። መቀየሪያውን ስትሰኩ ድንጋዮቹን አስቀድማችሁ አውጡ።

ቦርዱን በተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ከጎተራው ውጭ አንጠልጥሉት። የሴንሰሩን ጫፍ በቀጭን ዘንግ አስራችሁ እስከ እህሉ መሀል አስገቡት፤ ዳር ላይ ከቀረ የሚለካው የግድግዳውን ሙቀት ነው።