የኒቆዲሞስን ሰፋሪዎች ከመዝገብ እንዴት መከታተል ይቻላል

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ያለችውን የኒቆዲሞስን መንደር እ.ኤ.አ. በ1877 የቆረቆሯት ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች ናቸው። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ስትፈልጉ ከ1880ው የአገሪቱ ሕዝብ ቆጠራ ተነሡ። የ1890ው አብዛኛው ስለጠፋ ካንሳስ ራሷ በ1885 እና በ1895 ያደረገችውን ቆጠራ ተጠቀሙ።

ትልቁ ሀብት የመሬት ማኅደሩ ነው። እስከ 160 ኤከር የመንግሥት መሬት በነጻ ለመረከብ አምስት ዓመት ኖሮ ማልማት ግድ ስለነበር፣ ገበሬው የቤቱን ስፋትና ያረሰውን መሬት ሳይቀር አስመዝግቧል። የምስክሮቹን ስም ገልብጡ፤ ጎረቤቶች ናቸው፣ አንዳንዴም ዘመድ።

ከ1870 ወደ ኋላ ስትሄዱ ስም ይጠፋባችኋል። የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ዝርዝር፣ ልብ ይሰብራል፣ በጌታው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነው የያዘው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቤተሰቡን መጠሪያ የመጨረሻው ጌታ ስም አድርጎ ሲወስድ ነው፤ የቀድሞ ጌታ ወይም ራሳቸው የመረጡት ሊሆን ይችላል።