ኤንጂሲ 5474ን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በታላቁ ድብ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ኤም 101 ከተባለው ግዙፍ ጋላክሲ አጠገብ፣ ዊልያም ሄርሽል እ.ኤ.አ. በ1788 ያገኛት ደብዛዛ ጋላክሲ አለች፦ ኤንጂሲ 5474። ድንክ ጋላክሲዎች አብዛኞቹ ሞላላ ወይም ቅርጽ የለሽ ናቸው። ይህች ግን ድንክም ጥምዝም (ስፓይራል) በመሆኗ ብዙ ታስተምራለች።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ርቀቷን ከፍጥነቷ ማስላት ነው። ከእኛ የምትርቀው በሰከንድ 273 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሀብል ሕግ ጋላክሲ በራቀ መጠን የሚርቅበት ፍጥነት ይጨምራል ይላል፤ በየሜጋፓርሴኩ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት) በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል። ስለዚህ ፍጥነቷን ለ70 ስናካፍል 3.9 ሜጋፓርሴክ ይወጣል፤ 13 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት እንኳ አይሞላም። ከከዋክብቷ ብሩህነት የተለካው ርቀት ግን 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቅርብ ጋላክሲዎችን የጎረቤቶቻቸው ስበት ስለሚጎትታቸው ፍጥነታቸው የጠፈርን መስፋፋት ብቻ አያሳይም። ጎረቤታችን የአንድሮሜዳ ጋላክሲማ ጭራሽ ወደ እኛ ነው የምትመጣው። መዘዙ ደግሞ ብዙ ነው፦ ወደ 30 ሺህ የብርሃን ዓመት የሚጠጋው ስፋቷ 18 ሺህ ይሆናል፤ የብርሃን ኃይሏም ከርቀቱ ካሬ ጋር ስለሚያያዝ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ መጠኗን የሚናገር ሰንጠረዥ ስናገኝ ርቀቱ በምን ዘዴ እንደተለካ አስቀድመን እንይ።

ሌላው ማግኒቲውዷ (የብሩህነት መለኪያ ቁጥሯ) 11 ገደማ መሆኑን አይቶ በትንሽ ቴሌስኮፕ በቀላሉ ትታያለች ብሎ መጠበቅ ነው። ቁጥሩ ጠቅላላ ብርሃኗን ነው የሚናገረው፤ ያ ብርሃን ግን እንደ ኮከብ በአንድ ነጥብ አልተሰበሰበም፣ ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኗል። በሚያዝያ እኩለ ሌሊት ገደማ ከአዲስ አበባ በሰሜን በኩል 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ የከተማው መብራት ግን ይውጣታል። ከከተማ ራቅ ብሎ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት መሞከር ይሻላል።

ክብደቷን ከከዋክብቷ ብርሃን ብቻ መገመትም አይበቃም፤ የሃይድሮጅን ጋዙና ጨለማው ቁስ (ብርሃን የማይሰጠው፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው) ይቀራሉ።

በፎቶዋ ላይ ደማቁ እምብርት ከመሃል ወጣ ብሎ ሲታይ የምስል ጉድለት የሚመስለው ሰውም አለ። እውነተኛ ነው፤ እምብርቱ ጋዙ ከሚሽከረከርበት መሃል ወደ 3 ሺህ የብርሃን ዓመት ተነጥሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የኤም 101 ስበት ነው። እምብርት የመሰለን ራሱን የቻለ ሌላ ትንሽ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎችም ስላሉ፣ የኤም 101ን ስበት እንደተረጋገጠ ምክንያት አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።